ስለ ቃጫ መሰል ድንጋዮችና ከእነርሱ ስለሚወጡት የጌጥ ድንጋዮች

የጌጥ ድንጋይ ንግድ በአገራችን እየሰፋ መሄዱ ለአንባብያን የተሰወረ አይደለም። በወሎ፥ በደላንታ ወረዳ፥ በወገል ጤና አካባቢ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2008 ኦፓል ከተገኘ፥ በጉጂም በሻኪሶ አጠገብ በ2016 መረግድ በብዛት መውጣት ከጀመረ ወዲህ፥ ድንጋይ ለቅሞ ገንዘብ ለማግኘት ተስፋ የሚያደርገው ሰው በዝቷል። የተለቀመውም ድንጋይ አስቀድሞ የሚታየው ለቅርቡ ባለ ሱቅ ነው። ስለዚህ በሽንዲ፥ በቡሬና በፍኖተ ሰላም ያለው ነጋዴ፥ ንግዱ በቆሎና በርበሬ ቢሆንም እንኳ፥ «ይህ ምን ያወጣል?» ተብሎ ሲጠየቅ የሚመልሰው ቃል ሊኖረው ይገባል።

ለዛሬው ትምህርታችን ቃጫ መሰሉን ድንጋይ መርጠናል። የመረጥነውም ከሌሎች ድንጋዮች ይልቅ ገዢን የሚያሳስተው እርሱ ስለ ሆነ ነው። የሐር ነጸብራቅ ያለው፥ ጭረቱ በአንድ ወገን የተደረደረ ድንጋይ በእጅ ላይ ሲገለበጥ ብርሃኑ ይመላለሳል፤ ይህንም ያየ ሰው ውድ ዕቃ ያገኘ ይመስለዋል። ነገር ግን እንዲህ ያለው ድንጋይ ለቤት ልስን ከሚውለው ጀሶ የማይበልጥ ሊሆን ይችላል፤ ወይም በመልካም ዋጋ የሚሸጥ የጌጥ ድንጋይ ሊሆን ይችላል፤ ወይም ደግሞ ብናኙ ወደ ሳንባ ገብቶ ከብዙ ዓመት በኋላ ሰውን የሚገድል አስቤስቶስ ሊሆን ይችላል። ሦስቱም በአንድ ቀን፥ በአንድ ጠረጴዛ ላይ ቢቀመጡ በዓይን ብቻ ለይቶ መናገር ለባለሙያም ይቸግራል።

ከእነዚህ ድንጋዮች የሚበዙት የሚመደቡበት ወገን አምፊቦል ይባላል። አምፊቦል የአንድ ማዕድን ስም ሳይሆን የብዙ ማዕድናት የቤተ ሰብ ስም ነው። ሲሊኮንና ኦክሲጅን በውስጡ እንደ ድርብ ፈትል እየተያያዙ በረጅሙ ይሄዳሉ፤ በፈትሎቹም መካከል ብረት፥ ማግኒዚየም፥ ካልሲየም ወይም ሶዲየም እየገባ ያስተሳስራቸዋል። ድንጋዩ ሲሰበር በፈትሉ አንጻር መሰንጠቁ፥ አንዳንዱም እስከ ጭራሹ ጸጉር እስኪመስል ድረስ መቅጠኑ ከዚህ የተነሣ ነው። ትሬሞላይት፥ አክቲኖላይት፥ አንቶፊላይት፥ ሪቤካይትና ግሩኔራይት የዚህ ቤተ ሰብ ልጆች ናቸው። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ጸጉር መስለው ሲገኙ በንግድ ሌላ ስም አላቸው፤ ሪቤካይት ክሮሲዶላይት ወይም ሰማያዊ አስቤስቶስ፥ ግሩኔራይት ደግሞ አሞሳይት ወይም ቡናማ አስቤስቶስ ይባላል። አሞሳይት የሚለው ቃል ራሱ ከደቡብ አፍሪካ የአስቤስቶስ ማዕድን ኩባንያ ስም የመጀመሪያ ፊደላት የተቀነባበረ ነው። በዓለም ገበያ ከሁሉ ይበልጥ የተሸጠው ነጭ አስቤስቶስ፥ ማለት ክሪሶታይል፥ ከሌላ ወገን ከሰርፐንቲን የሚወጣ ስለ ሆነ ከአምፊቦል ጋር መደባለቅ የለበትም፤ ጉዳቱ ግን የሁሉም ነው።

አስቤስቶስ በእሳት አለመቃጠሉና በሸማኔ እጅ እንደ ጥጥ መፈተሉ ስላስደነቀ፥ ባለፈው ክፍለ ዘመን ለጣሪያ ክዳን፥ ለውሃ ቧንቧ፥ ለፍሬን ሸራ፥ ለእሳት መከላከያ ልብስ በየአገሩ ይሠራበት ነበር። ሰማያዊው ክሮሲዶላይት በሰሜናዊ ኬፕ፥ በደቡብ አፍሪካ፥ በፕሪስካ አካባቢ በብዛት ይቈፈር ነበር። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1960 ዋግነር፥ ስሌግስና ማርሻን የተባሉ ሦስት ሐኪሞች ባሳተሙት ጥናት፥ ሜሶቴሊዮማ የሚባለውን ብርቅ የሳንባ ሽፋን ካንሰር 33 ሰዎች ላይ መርምረው፥ ከጥቂቱ በቀር ሁሉም ከዚያው አውራጃ ማዕድን ወይም ከአስቤስቶስ ሥራ ጋር ግንኙነት እንደ ነበራቸው አሳዩ። ከሁሉ የሚያሳዝነው፥ ከእነርሱ መካከል ማዕድን ቆፍረው የማያውቁ፥ በልጅነታቸው በማዕድኑ አጠገብ ከመኖራቸው በቀር ሌላ ምክንያት ያልተገኘላቸው መኖራቸው ነው። በሽታው ብናኙን ከተነፈሱ ከ20 እስከ 40 ዓመት፥ አንዳንድ ጊዜም ከዚያ በላይ ቆይቶ ስለሚገለጥ፥ የገዛና የሸጠ ሰው ጉዳቱን በዘመኑ ላያየው ይችላል።

በምዕራብ አውስትራሊያ የነበረው የዊተኑም ክሮሲዶላይት ማዕድን በ1966 ተዘጋ፤ የአውሮፓ ኅብረት አገሮች በ2005 አስቤስቶስን በጠቅላላው ከለከሉ፤ ደቡብ አፍሪካ ራሷም በ2008 ከለከለች። የዓለም ጤና ድርጅት በሥራ ምክንያት ከአስቤስቶስ የተነሣ በየዓመቱ ከ200,000 በላይ ሰዎች እንደሚሞቱ ይገምታል። በሮተርዳም ስምምነትም መሠረት አምስቱ የአምፊቦል አስቤስቶሶች፥ ማለት ክሮሲዶላይት፥ አሞሳይት፥ አክቲኖላይት፥ አንቶፊላይትና ትሬሞላይት፥ ተቀባዩ አገር አስቀድሞ አውቆ ካልፈቀደ በቀር ወደ ውጭ እንዳይላኩ በዝርዝር ተጽፈዋል። አስመጪዎች አሮጌ የሕንፃ ዕቃ፥ የፍሬን ሸራና የሙቀት መከላከያ ሲያዝዙ «ከአስቤስቶስ ነጻ» የሚል ቃል በሻጩ ሰነድ ላይ እንዲጻፍ ቢጠይቁ ወጪ የለውም።

እዚህ ላይ አንባቢው «እንግዲያስ ከዚህ ቤተ ሰብ ጌጥ እንዴት ይወጣል?» ቢል ጥያቄው ትክክል ነው። መልሱ ቃጫው በምን እንደ ታሰረ በማወቅ ላይ ነው። እንደ ጥጥ የሚበተነው ቃጫ ሸቀጥ አይደለም። ጌጥ የሚሆነው፥ አንድም ቃጫው በኳርትዝ ውስጥ ተውጦ የጠነከረው፥ አንድም ቃጫው እርስ በርሱ እንደ ጥብቅ ስፌት የተጠላለፈው ነው።

በኳርትዝ የተዋጠው በገበያችን የነብር ዓይን እየተባለ በእጅ አምባርና በመቁጠሪያ ዶቃ መልክ የሚሸጠው ነው። ሰማያዊ ግራጫ መልክ ያለው የጭልፊት ዓይን ይባላል፤ በዚህኛው ውስጥ ክሮሲዶላይቱ መልኩን እንደ ያዘ ነው። በውስጡ ያለው ብረት ሲዝግ ወርቃማና ቡናማ ይሆናል፤ እርሱም የነብር ዓይን የተባለው ነው። ቀዩ ብዙውን ጊዜ በእሳት የተሞቀ ስለ ሆነ፥ ሻጭ «ከተፈጥሮው ቀይ ነው» ብሎ ዋጋ ቢጨምር ማመን አያስፈልግም። ስለ አፈጣጠሩ ከ1873 ጀምሮ ሲነገር የኖረው፥ ኳርትዙ ቃጫውን በዝግታ በልቶ መልኩን ወረሰ የሚል ነበር። ሂኒና ፊሸር የተባሉ ሁለት ሊቃውንት በ2003 ባወጡት ጥናት ግን፥ ድንጋዩ በተደጋጋሚ እየተሰነጠቀና ስንጥቁም በኳርትዝ እየተሞላ፥ ኳርትዙና ቃጫው አብረው ያደጉ መሆናቸውን አስረድተዋል። ለነጋዴው የሚጠቅመው ፍሬ ነገር፥ የነብር ዓይን በጥንካሬውም በክብደቱም ኳርትዝ መሆኑ ነው።

ስለዚሁ ድንጋይ በጌጥ ድንጋይ ነጋዴዎች ዘንድ የሚነገር አንድ ታሪክ አለ፤ ለላኪዎቻችን ስለሚጠቅም እንጽፈዋለን። የነብር ዓይን በ19ኛው ክፍለ ዘመን ወደ አውሮፓ ሲገባ ብርቅ ስለ ነበረ በካራት እየተመዘነ እንደ ከበረ ድንጋይ ይሸጥ ነበር። በኋላ ሁለት ነጋዴዎች እየተፎካከሩ ከደቡብ አፍሪካ ብዙ ጭነት በአንድ ጊዜ ወደ ገበያው አወረዱ፤ ዋጋውም በጥቂት ጊዜ ውስጥ ወድቆ፥ በካራት የተሸጠው ድንጋይ በክብደት እንደ ተራ ዕቃ ሆነ። ከዚያ ወዲህ ወደ ቀድሞው ዋጋው አልተመለሰም። ድንጋዩ ያው ድንጋይ ነው፤ አልተበላሸም፤ የተበላሸው የአቅርቦቱ ልክ ነው። በርበሬ ሁሉም በአንድ ሳምንት ወደ ቡሬ ገበያ ሲያወጣው የሚሆነውን የሚያውቅ ሰው ይህን ለመረዳት ሌላ ምሳሌ አይሻም።

ቃጫው እንደ ስፌት የተጠላለፈው ደግሞ ኔፍራይት ነው፤ ጄድ ከሚባሉት ከሁለቱ አንዱ። ኔፍራይት የትሬሞላይትና የአክቲኖላይት ጥቃቅን ቃጫዎች በየአቅጣጫው ተጠላልፈው የሠሩት ስለ ሆነ፥ በመዶሻ ቢመታ እንኳ በቀላሉ አይሰበርም። የቻይና ባለ እጆች በሺህ ለሚቈጠሩ ዓመታት ዕቃና ምስል ሲፈለፍሉበት የኖሩት፥ የኒውዚላንድ ማኦሪዎችም መጥረቢያና ጌጥ ያደረጉት በዚህ ጥንካሬው ነው። ሁለተኛው ጄድ ጄዳይት የሚባለው ነው፤ ይህ አምፊቦል አይደለም፤ የሁለቱን ልዩነት የፈረንሳዩ ኬሚስት ዳሙር በ1863 እስኪገልጠው ድረስ ግን ዓለም ሁሉ አንድ አድርጎ ሲነግድባቸው ኖሯል። ዛሬም ቢሆን «አዲስ ጄድ» እየተባለ የሚሸጠው ሰርፐንቲን ነው፤ በቀለም የተነከረ ኳርትዝም በጄድ ስም ይመጣል። አስመጪው «ጄድ» የሚል አንድ ቃል ብቻ የተጻፈበትን ሰነድ መቀበል የለበትም፤ የትኛው ጄድ እንደ ሆነ ያስጽፍ።

ቃጫው በአንድ ወገን ተደርድሮ ሳለ ድንጋዩ ጠንካራ ከሆነ፥ እንደ ጉልላት ክብ ተደርጎ ሲሞረድ በላዩ ላይ አንድ የብርሃን መስመር ይጋደማል፤ ስሙም የድመት ዓይን ነው። ይህ በጥሩ ፈታይ እጅ በተደወረ ድውር ላይ ብርሃን ሲያርፍ እንደሚታየው ያለ ነው፤ መስመሩ ሁልጊዜ ቃጫውን አቋርጦ ይሄዳል። እንዲህ ያለ የድመት ዓይን ኔፍራይት በታይዋን ይገኛል። ቆራጩ የድንጋዩን ታች ከቃጫው ጋር ካላስተካከለ ግን መስመሩ ወደ አንድ ወገን ይሸሻል፤ የድንጋዩም ዋጋ ይቀንሳል። ከፋብሪካ የሚወጣ የመስተዋት ቃጫም በዚሁ ስም በየቀለሙ ይሸጣል፤ መስመሩ ከልክ በላይ ስለታም፥ ቀለሙም ከልክ በላይ አንድ ዓይነት በመሆኑ ይታወቃል።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። እንዲህ ያለው አምፊቦል ብዙውን ጊዜ የሚፈጠረው በጥንታዊው የምድር መሠረት ድንጋይ፥ በሙቀትና በግፊት ተለውጦ ባደረው ውስጥ ነው። እንዲህ ያለ ድንጋይ በደቡብ በአዶላ፥ በምዕራብ በወለጋና በቤኒሻንጉል፥ በሰሜን በትግራይ ይገኛል። በአዶላ ቀበቶ ታልክ፥ ትሬሞላይትና አክቲኖላይት አብረው ያሉባቸው ድንጋዮች የታወቁ ናቸው። በወለጋ ደግሞ የዩብዶ ፕላቲነም በሚገኝበት አገር፥ ከጥልቅ የመጣ ድንጋይ ተለውጦ የሠራው ቡናማ ድንጋይ በቢርቢር ወንዝ ስም ቢርቢራይት ተብሎ በዓለም መጻሕፍት ገብቷል፤ የወንዛችን ስም በማዕድን መዝገብ ላይ መጻፉን ብዙ ነጋዴ አያውቅም። የመረግድ ነጋዴዎችም ስለ አምፊቦል ማወቅ ያለባቸው ነገር አለ፤ በዚምባብዌ የሳንዳዋና መረግድ በውስጡ ባሉት የትሬሞላይት መርፌዎች እንደሚታወቅ ሁሉ፥ እንዲህ ያሉ መርፌዎች ድንጋዩ ከተፈጥሮ የመጣ ለመሆኑ ምልክት ናቸው። በአንጻሩም ደማቅ አረንጓዴ አክቲኖላይት ራሱ መረግድ እየመሰለ ያታልላል፤ ነገር ግን ከመረግድ ይልቅ ለስላሳና በቃጫው አንጻር የሚሰነጠቅ ነው።

የሽንዲ፥ የቡሬና የፍኖተ ሰላም ምድር ግን ሌላ ነው። ደጋው በጥንት ዘመን ፈስሶ የረጋ ባዛልት ነው፤ ገበሬው ጥቁር ድንጋይ የሚለው። ባዛልት ውስጥ አስቤስቶስም ኔፍራይትም አይፈለግም። በባዛልቱ ፊኛዎች ውስጥ የሚገኘው ነጭ፥ ከመሐል ወጥቶ እንደ ጨረር የተሠራጨ ጥቃቅን መርፌ ብዙውን ጊዜ ዚዮላይት የሚባለው ወገን ነው፤ የማዕድን ሰብሳቢዎች ቅርጹ ካልተሰበረ ይገዙታል፤ ለቀለበት ግን አይሆንም። ወደ ዓባይ በረሃ ሲወረድ ደግሞ፥ በደጀንና በጎሐ ጽዮን መካከል እንደሚታየው፥ ከባዛልቱ በታች የኖራ ድንጋይ፥ ከእርሱም በታች ጀሶ ያለበት ንብርብር፥ ከዚያም አሸዋ ድንጋይ ይመጣል። ጀሶ በስንጥቅ ውስጥ ሲያድግ ሐር የመሰለ ነጭ ቃጫ ይሠራል፤ በእጅ ሲያዝ እጅግ ያምራል፤ ግን በጥፍር ይፋቃል። ስለዚህ በእነዚህ ከተሞች ለባለ ሱቅ ከአካባቢው የሚቀርብ ቃጫማ ድንጋይ ከሁለቱ አንዱ የመሆኑ ዕድል የሰፋ ነው። ከዓባይ ማዶ ወይም ከመተከል ወገን የመጣ ከሆነ ግን ነገሩ ይለወጣል፤ ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ «ስንት ነው?» ሳይሆን «ከየት አመጣኸው?» ሊሆን ይገባል። የመጣበትን ቀበሌና ወንዝ በወረቀት ጽፎ ከድንጋዩ ጋር ማሰር ለሰብሳቢውም ዋጋ ይጨምራል፤ ቦታው ያልታወቀ ናሙና በሙዚየምም በሰብሳቢም ዘንድ እምብዛም አይፈለግም።

ለመለየት የሚከተለው ሥርዓት ይበቃል። አስቀድሞ ድንጋዩን ሳይነኩና ሳይፍቁ በጠራ የላስቲክ ከረጢት ውስጥ አድርጎ መመልከት ነው። ከጠርዙ ጸጉር ወይም ጥጥ የመሰለ ነገር ከተነሣ ምርመራው እዚያው ያበቃል። መስበር፥ በእሳት መሞከር፥ በጥፍር መላጨት፥ ማሽተት ክልክል ነው፤ የነካውን ጠረጴዛ በእርጥብ ጨርቅ መወልወል እንጂ በመጥረጊያ መጥረግ አይገባም። ከረጢቱን በሌላ ከረጢት ደርቦ፥ አስሮ፥ «አይከፈት» ብሎ ጽፎ የማዕድን ባለሙያ እስኪያየው ድረስ ሕፃናት ከማይደርሱበት ማስቀመጥ ነው። ለናሙና ሰብሳቢዎች የሚቀመጠው ጸጉራም አምፊቦል እንኳ በተዘጋ የመስተዋት ሣጥን ውስጥ ነው የሚኖረው።

ምንም የማይበተን፥ ድፍን ድንጋይ ከሆነ በጥፍር ይሞከር፤ ከተፋቀ ብዙውን ጊዜ ጀሶ ነው። ካልተፋቀ ወደ ሚዛን ይሂድ። ወርቅ የሚመዘንበት ትንሽ የኤሌክትሪክ ሚዛን ካለ ሥራው ቀላል ነው። ድንጋዩን መመዘንና ክብደቱን መጻፍ። ቀጥሎ ውሃ የያዘ ብርጭቆ በሚዛኑ ላይ አስቀምጦ ቍጥሩን ወደ ዜሮ መመለስ። ከዚያ ድንጋዩን በቀጭን ክር አስሮ፥ ክሩን በእጅ ይዞ፥ ከብርጭቆው ታችና ጎን ሳያስነኩ በሙሉ ውሃ ውስጥ ማንጠልጠል። አሁን ሚዛኑ የሚያሳየው ቍጥር ድንጋዩ የገፋው ውሃ ክብደት ነው። የመጀመሪያው ክብደት በዚህ ቍጥር ሲካፈል የድንጋዩ እፍጋት ይገኛል። ለምሳሌ በውሃ ውስጥ 20 ግራም ያሳየ ድንጋይ አስቀድሞ 53 ግራም ከነበረ 2.65 ይሆናል፤ ይህ ኳርትዝ ነው፤ የነብር ዓይንም እዚህ ይውላል። 60 ግራም ከነበረ 3.0 ነው፤ ለኔፍራይት የሚስማማ ነው። 66 ግራም ከሆነ 3.3 ነው፤ ጄዳይት ወደዚያ ነው። 46 ግራም ከሆነ 2.3 ነው፤ ይህም ጀሶ ነው፤ ዚዮላይትም ከዚያ ብዙ አይርቅም። ሰርፐንቲን ወደ 2.6 ስለሚቀርብ ከኳርትዝ ጋር በሚዛን ብቻ አይለይም፤ ኳርትዝ መስተዋትን በግልጥ ይቧጥጣል፥ ሰርፐንቲን ግን ብዙውን ጊዜ አይቧጥጥም። ባለ ሱቆች ልብ ሊሉት የሚገባ አንድ ነገር፥ የወሎን ኦፓል በዚህ ዓይነት ውሃ ውስጥ መክተት አይገባም፤ ውሃ ስለሚመጥ መልኩ ለጊዜው ይለወጣል፥ ክብደቱም ይዛባል።

የነብር ዓይንም ሆነ ኔፍራይት ተሞርዶ ካለቀ በኋላ ለሚያደርገው ሰው ጉዳት የለውም። ጉዳቱ በሚቈረጥበት ጊዜ ነው፤ የኳርትዝ ብናኝ ራሱ ሳንባን ያደርቃል፥ በጭልፊት ዓይንም ውስጥ ያልተለወጠ ክሮሲዶላይት ሊቀር ይችላል። ስለዚህ ቆራጭ የሚቀጥር ነጋዴ ሥራው ሁልጊዜ በውሃ እየረጠበ እንዲሠራ፥ ሠራተኛውም የብናኝ መከላከያ ጭምብል እንዲያደርግ ማድረግ አለበት። ለዚህ የሚወጣው ገንዘብ ከመቁረጫው ድንጋይ ዋጋ ያነሰ ነው፤ በዚህ ላይ ቍጠባ ማድረግ የሠራተኛውን ዕድሜ መቍረጥ ነው።

ስለ ሕጉ በአጭሩ፦ በ1987 ዓ.ም. በወጣው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሠረት የተፈጥሮ ሀብት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ ስለዚህ ድንጋይ በማሳው ላይ ያገኘ ሰው በማግኘቱ ብቻ ባለ ንብረት አይሆንም። ቆፍሮ ለመሸጥም፥ ገዝቶ ወደ ውጭ ለመላክም ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ነጋዴው ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት በወረዳው ወይም በክልሉ የማዕድን ጽሕፈት ቤት ይጠይቅ።

ለአስመጪና ለላኪ የጉምሩክ ቍጥሮቹም እንዳይዘነጉ። በዓለም አቀፉ የዕቃ አመዳደብ አስቤስቶስ በ2524 ሲሆን ክሮሲዶላይት ለብቻው በ2524.10 ተመድቧል፤ ጀሶ በ2520 ነው። ያልተሠራ ወይም በመጋዝ ብቻ የተቈረጠ የጌጥ ድንጋይ በ7103.10 ይገባል፤ ተሞርዶ ያለቀው የነብር ዓይን ወይም ጄድ በ7103.99 ነው፤ በክር ተሰክቶ አምባር ወይም የአንገት ጌጥ የሆነው ግን በ7116.20 ነው። የመስተዋቱ «የድመት ዓይን» ዶቃ ከእነዚህ በአንዱም አይገባም፤ መስተዋት ስለ ሆነ በ7018 ይታያል። በአንድ ሣጥን ውስጥ ተደባልቆ የመጣ ዶቃ በአንድ ስም ብቻ ቢጻፍ በጉምሩክ ክርክር ያመጣል፤ ከአቅራቢው ጋር ሲዋዋሉ እያንዳንዱ ዓይነት በየራሱ መስመር፥ በማዕድኑ ስም፥ በግራምና በቍጥር፥ የተሞቀ ወይም የተነከረ እንደ ሆነም ተገልጦ እንዲጻፍ ማዘዝ ያስፈልጋል።